የሩጫ ማስጀመሪያ ሽጉጣችን ለምን ይከሽፍ ነበር?

ባሕር ዳር ውስጥ የሩጫ ማስጀመሪያ ሽጉጥ ሲከሽፍ መጀመሪያ የሚከሰሰው ጣና ነው። «እርጥበት ነው» ይላል የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ። «እርጥበት ነው» ይላል አሠልጣኙ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ የሚወርድበት ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙም ያልራቀ መጋዘን፣ በካርቶን ተቀምጦ የከረመ ጥይት፤ ምክንያቱ ከዚህ በላይ ምን ሊሆን ይችላል? እኔም የስፖርት መምህርና አስጀማሪ ዳኛ ሆኜ ስሠራ ይህንኑ መልስ ስሰማ ኖሬአለሁ። የእኛ ሽጉጥ ችግር ግን ከእርጥበት ጋር ብዙም ግንኙነት አልነበረውም። እንዴት እንደደረስንበት የምጽፈው እንዲህ ያለ ዕቃ ተረክባችሁ፣ ጥይቱ ነው በሚል አዲስ ለመግዛት ገንዘብ ለምታፈላልጉ መምህራንና ዳኞች ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን ላስተዋውቅ። ያሉን ሁለት ሽጉጦች ናቸው፤ ሥሪታቸው አንድ፣ ሁለቱም አሮጌ፣ በተለያየ ጊዜ በስጦታ የመጡ። እርሳስ አይተፉም። አፈሙዛቸው ከፋብሪካው የተደፈነ ነው፤ እሳቱና ጭሱ የሚወጣው ከላይ ባለች ቀዳዳ ነው። የሚጎርሱት አንድ ባዶ ጥይት ብቻ ነው፤ ካሊበሩ 32። መቀርቀሪያውን ስትጫኑት እንደ ወፍ ጠመንጃ ከወገቡ ይታጠፋል፣ ጥይቱን ታጎርሳላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፣ መምቻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ትስባላችሁ፣ ከዚያ ቃታ። ወገቡ ላይ ያለችውን ፔርኖ ገፍታችሁ ካወጣችሁ ቱቦው ከነማጉረሻው ይነቀላል፤ እጃችሁ ላይ የሚቀረው አካሉ፣ ማለትም እጀታው፣ ቃታው፣ መምቻው፣ ሞላውና መርፌው ናቸው። የአንደኛው ቱቦ በሁለተኛው አካል ላይ ያለ ችግር ይገጥማል። ምርመራችን ሁሉ የተመሠረተው በዚህች ባሕርይ ላይ ነው፤ ወደ እሷ እመጣለሁ።

ሽጉጥ ሜዳ ላይ ሲከሽፍ ምን እንደሚፈጠር ላላዩ ደግሞ ትንሽ ልበል። እስከ 400 ሜትር ባሉት ሩጫዎች ትእዛዙ ሁለት ነው፦ «በቦታችሁ!»፣ ቀጥሎ «ተዘጋጁ!»። ሯጮቹ ወገባቸውን ከፍ አድርገው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ቃታው ይሳባል። ቀጭ! ሌላ ድምፅ የለም። ገሚሱ ባለበት ደርቆ ይቀራል፣ ገሚሱ በዚያችው ቀጭታ ተስፈንጥሮ ይነሣል፣ አንዱ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ብቻውን እንደሆነ ያውቃል። ተመልካች ይስቃል። ልጁ ግን ለዚያ ውድድር ያጠራቀመውን አቅም ሜዳው ላይ አፍስሶታል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድገም ቢባል ያው ሯጭ አይደለም።

እዚህ ላይ ለዳኞች አንድ ነገር። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም አቀፉ ሕግ ያለ ጊዜው የተነሣ ሯጭ በመጀመሪያው ጥፋቱ ይሰናበታል። በዚህ ጥብቅነት የለመዱ አንዳንድ ዳኞች ሽጉጥ ከሽፎ የተነሣን ልጅ ሊያስወጡ ሲዳዳቸው አይቻለሁ። አይሆንም። ጥፋቱ የሯጩ አይደለም፤ አስጀማሪው «ተነሡ!» ብሎ ሁሉንም ያቆማል፣ አረንጓዴ ካርድ ይታያል፣ ማንም ላይ ምንም ሳይመዘገብ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሽጉጡንስ ምን እናድርገው? ወዲያው አጥፎ ማየት ያጓጓል፤ እንዳታደርጉት። አንዳንድ ጥይት ዘግይቶ ይፈነዳል፤ መርፌው መትቶታል፣ ግን እሳቱ ወደ ባሩዱ ለመድረስ ይዘገያል። ስለዚህ ክንዳችሁን ወደ ሰማይ እንደዘረጋችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ሩጫውን በሁለተኛው ሽጉጥ ወይም በጣውላ ማጨብጨቢያ ረዳታችሁ ያስጀምር፤ እናንተ ቁሙ። «ባዶ ጥይት ምን ያደርጋል?» ለሚል ሰው የማነሣው የአሜሪካዊውን ተዋናይ የጆን ኤሪክ ሄክሰምን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ቀረጻ ላይ ባዶ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ጆሮ ግንዱ ላይ አስጠግቶ ቃታ ስቦ ሞተ። እርሳስ አልነበረውም፤ የገደለው የጋዙ ግፊትና በጋዙ የተገፋው የጥይቱ የወረቀት ውታፍ ነው። የእኛዋ ሽጉጥ የዚያን ያህል ጉልበት ባይኖራትም ጋዟ ዓይን ለማጥፋት አያንሳትም። ድምፁም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ በቅርብ ሲተኮስ ለጆሮ አደገኛ ከሚባለው የ140 ዴሲቤል ወሰን ሊያልፍ ይችላል። እኔ የጆሮ መድፈኛ ሳላደርግ አልተኩስም፤ ጉራ መስሏቸው የሚስቁብኝ ባልደረቦች አሉ፤ ይሳቁ።

ወደ ምርመራው እንግባ። በሠራዊት ውስጥ በመሣሪያ ጥገና ያገለገሉ፣ ጡረታ ወጥተው ሽንብጥ አካባቢ የሚኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። ችግሩን ሳስረዳቸው ስለ ጣናና ስለ እርጥበት ጀምሬ ነበር፤ አላስጨረሱኝም።

«ጥይቱን ተወው። የከሸፈውን ቀለህ አምጣና አሳየኝ።»

«ጋሼ፣ አልፈነዳም እኮ። ምን ይታይበታል?»

«ስላልፈነዳ ነው የምታመጣው ነገር ያለው። የፈነዳማ ምን ይናገራል?»

እውነታቸውን ነው። በቀለሁ ቂጥ መሐል ያለችው ትንሽ ክብ ነሐስ፣ ካፕሱል የምንላት፣ የተመታችበትን ምልክት ይዛ ትቀራለች። ካፕሱሏ ውስጥ ሲደቆስ የሚቀጣጠል ቅመም አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የብረት መደገፊያ። መርፌው ነሐሱን ወደ ውስጥ ሲያጎደጉደው ቅመሙ በነሐሱና በመደገፊያው መሐል ይደቆሳል፤ እሳቱ የሚወለደው ከዚህ ነው። ምቱ ጥልቀትም ፍጥነትም ያስፈልገዋል። ቀስ ብሎ የገባ መርፌ ነሐሱን ጎድጎድ ቢያደርገውም ቅመሙን ላያቀጣጥለው ይችላል።

ጋሼ ቀለሆቹን በመስኮት ብርሃን እያገላበጡ የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፦ ጉድጓዱ አለ ወይ፣ መሐል ላይ ነው ወይ፣ ምን ያህል ጠልቋል። ምንም ጉድጓድ ከሌለ መርፌው ተሰብሯል፣ ወይም በጥቀርሻ ተጣብቆ ቀርቷል፣ ወይም መምቻው መንገድ ላይ የሚይዘው ነገር አለ። ጉድጓዱ ወደ ጎን ካመዘነ ቱቦውና አካሉ ትክክል አልተገጣጠሙም ማለት ነው። ጉድጓዱ መሐል ላይ፣ ጥልቅና ጥርት ያለ ሆኖ ጥይቱ ዝም ካለ ያኔ ጥይቱን መክሰስ ይቻላል። ጉድጓዱ መሐል ላይ ሆኖ ጥልቀት ከሌለው ግን የመታው ክፍል ደክሟል፣ ወይም የሚመታው ነገር ሸሽቷል። ለማነጻጸሪያ የሚሆን በደህና ቀን የፈነዳ ቀለህ ከጎኑ አስቀምጡ፤ ያለ እሱ «ጥልቅ» እና «ጥልቀት የሌለው» ማለት የግምት ወሬ ነው።

የእኛዎቹ ጉድጓዶች መሐል ላይ ነበሩ፤ ጥልቀት ግን አልነበራቸውም። አብዛኞቹ ደግሞ ሁለተኛ ሲመቱ ይፈነዱ ነበር። ይህም ራሱ ምልክት ነው። በሁለተኛ ምት የሚፈነዳ ጥይት ውስጡ አልሞተም፤ የመጀመሪያው ምት የሆነ ቦታ ባክኗል። ካፕሱሏ በፋብሪካ በደንብ ሳትገባ ወጣ ብላ ከቀረች የመጀመሪያው ምት እሷን ወደ ቦታዋ በመግፋት ያልቃል። ይህንን ማየት ቀላል ነው፦ ያልተተኮሰውን ጥይት ቂጥ በጥፍራችሁ ዳብሱት፤ ካፕሱሏ ከዙሪያዋ ከፍ ካላለች ሌላ ቦታ ፈልጉ። የእኛዎቹ ደህና ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው ካቻቪቴ ያነሣል። ጋሼ ግን ሽጉጦቹን ፈትተን ቱቦዎቹን እንድናለዋውጥ ነገሩን። እኔ ቀድሞውኑ ምክንያቱን ያወቅሁት ስለመሰለኝ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ማንኛውንም የሚከሽፍ ባለ ተነቃይ ቱቦ ዕቃ ያለዚህ ሙከራ አልነካም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት አካል፣ ሁለት ቱቦ። አካሎቹን ሀ እና ለ እንበላቸው፣ ቱቦዎቹን አንድ እና ሁለት። ሀ ከአንድ ጋር፣ ለ ከሁለት ጋር ተጋብተው የመጡ ናቸው። የሚከሽፈው «ሀ-አንድ» ነው። ከአንድ ካርቶን የወጣ ጥይት በአራቱም ጥምረት ይሞከራል፦ ሀ-አንድ፣ ሀ-ሁለት፣ ለ-አንድ፣ ለ-ሁለት። ክሽፈቱ ሀ ያለበትን ሁሉ ከተከተለ በሽታው ያለው ከመምቻው፣ ከሞላው ወይም ከመርፌው ጋር ነው። ቱቦ አንድ ያለበትን ሁሉ ከተከተለ ቱቦው፣ ማጉረሻው ወይም ማጠፊያው ነው። አራቱም ላይ ከታየ ያኔ ጥይቱን ጠርጥሩ። ብልሃቱ ዕቃውን ሳትነኩ፣ ሳትሞርዱ፣ ሳታጠብቁ ክሽፈቱ ከማን ጋር እንደሚሄድ ማየት ነው። አንዴ መሞረድ ከጀመራችሁ በኋላ የድሮውን በሽታ ከራሳችሁ ጥገና መለየት አትችሉም።

የእኛ ውጤት ግራ የሚያጋባ ነበር። ለ-ሁለት ሁልጊዜ ይተኩሳል። ሀ-ሁለትም ይተኩሳል። ለ-አንድም ይተኩሳል፤ ጉድጓዱ ከሌሎቹ ትንሽ ቀለል ቢልም ይተኩሳል። የሚከሽፈው ሀ-አንድ ብቻ ነው! ሀ ከሌላ ቱቦ ጋር ደህና፣ ቱቦ አንድም ከሌላ አካል ጋር ደህና፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ይከሽፋሉ። ከመካከላችን አንዱ «ጋብቻው ነው እንጂ ሰዎቹ ጥፋት የለባቸውም» አለ። ጋሼ ሳቁና የተገላቢጦሹን ተናገሩ፦ ሁለቱም ጥፋት አለባቸው፤ ግን የእያንዳንዱ ጥፋት ትንሽ ስለሆነ ደህናው ጓደኛ ይሸፍንለታል። ሁለቱ ጥፋተኞች ሲገናኙ የሚሸፍን ይጠፋል።

አንድ ሽጉጥ ብቻ ይዘን ቢሆን ኖሮ ይህን አናገኘውም ነበር። ሞላውን አጠንክረን ጨረስን እንል ነበር፤ የቱቦው በሽታ ግን እያደገ ሄዶ በሌላ ጊዜ ይመጣብን ነበር። ስለዚህ አንድ ብቻ ያላችሁ ከሌላ ትምህርት ቤት ወይም ክለብ ተመሳሳይ ሥሪት ለአንድ ከሰዓት ተዋሱ። ፔዳና ፖሊ የሚባሉት የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ባሉበት ከተማ የስፖርት ሰው ስልክ ማግኘት ከባድ አይደለም።

የቱቦ አንድ ጥፋት የተገኘው በወረቀት ነው። ባዶ ቀለህ አጉርሰን ዘጋነውና ከቱቦው ኋላና ከአካሉ ግድግዳ መሐል ተራ የቢሮ ወረቀት ለማስገባት ሞከርን። የአንድ ወረቀት ውፍረት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቱቦ ሁለት አንዲቷም በመከራ ነው የገባችው። በቱቦ አንድ አራት ወረቀት ተደርቦ አለፈ፤ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን የእነዚህ ሽጉጦች መርፌ ከግድግዳው የሚወጣው ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ካፕሱሏ ከሩብ በላይ ርቃ ስትጠብቀው ጉድጓዱ ለምን ጥልቀት እንዳጣ ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ቱቦው ወገቡ ላይ ስለሚላላ መርፌው ሲመታው ጥይቱን ይዞ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ከምቱ ጉልበት የተወሰነው ካፕሱሏን ከመደቆስ ይልቅ ቱቦውን በመግፋት ያልቃል።

ምክንያቱን ለማየት ፔርኖዋን አውጥተን በቱቦው ጆሮ ላይ ያለውን ቀዳዳ በብርሃን አየነው። ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ሆኗል። ይህ የሚመጣው ሽጉጡን ካጎረሱ በኋላ በአንድ እጅ አወናጭፎ ከመዝጋት ነው። ፊልም ላይ ያምራል፣ ልጆችም ይወዱታል፣ ግን እያንዳንዱ ውንጨፋ የቱቦውን ሙሉ ክብደት በዚያች ቀጭን ፔርኖ ላይ ይጥላል። በሁለት እጅ ይዛችሁ በቀስታ ዝጉት፤ የምትሰሙት የመቀርቀሪያው ድምፅ ብቻ ይሁን።

የአካል ሀ ጥፋት ደግሞ ሞላው ነው። ለዚህ ጋሼ የተጠቀሙበት ዘዴ እርሳስ ነው፤ የመጻፊያው። ቱቦው ተነቅሎ፣ በአካባቢው ጥይት የሚባል ነገር አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ አካሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሞርሳ ይያዛል፤ የመርፌዋ ቀዳዳ ወደ ላይ እንድታይ። በቀዳዳዋ ዙሪያ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍበት ዓይነት የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ይቆማል፤ እርሳሱ በላጲሱ በኩል ወደ ታች ይገባል። ቃታው ሲሳብ መርፌው ላጲሱን መትቶ እርሳሱን ወደ ላይ ያዘልለዋል። በአካል ለ እርሳሱ ከቱቦው ወጥቶ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። በአካል ሀ ከፕላስቲኩ አፍ ብቅ ብሎ ተመለሰ። መለኪያ የሚባል ነገር ሳያስፈልግ ልዩነቱን ሕፃን ያየዋል።

ሞላዎቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የሀ አጭር ነው። አርጅቶ ያጠረ እንዳይመስለን ጋሼ ጫፉን አሳዩን። የፋብሪካ ሞላ ጫፉ ተጨቁኖና ተሞርዶ ጠፍጣፋ ነው፤ በሁለት እግሩ ይቆማል። የዚህ አንዱ ጫፍ በጉጠት የተቆረጠ፣ አፉ የተከፈተ ነው። እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት መምቻው ለመሳብ ከበደኝ ያለ ሰው ከሞላው ላይ አንድ ዙር ቆርጦ አቅልሎታል። ቃታው እውነትም ለስላሳ ነው! ብዙዎቻችን ከሁለቱ የምንመርጠው ያንን ሽጉጥ ነበር።

ጥገናው ከምርመራው አጭር ነው። ዓባይ ማዶ ያለ ቶርኖ ቤት የሞላላውን ቀዳዳ በጥቂቱ አስፍቶ ክብ አደረገውና በልኩ ትንሽ ወፈር ያለች ፔርኖ አወጣለት። ይዘን የሄድነው ቱቦውን ከነማጠፊያው ብቻ ነው፤ ከክለቡ ደብዳቤ ጋር። ለባለሙያው መጀመሪያ የነገርነው የተደፈነውን አፈሙዝ ማንም እንዳይነካው ነው። እሱም ነገሩ ገብቶት «እኔም ብትሉኝ አልነካውም» አለን። አፈሙዙን የሚከፍት ሰው የሚጠግነው ሽጉጥ አይደለም፤ ወንጀል ነው የሚሠራው። ይህን ያህል ብያለሁ።

ለሞላው ምትክ አላገኘንም። በተቆረጠው ዙር ፋንታ ጋሼ ከሞላው ሥር ቀጭን ሮንዴላ አስገቡለት፤ የጠፋውን ርዝመት በመተካት ሞላው ቀድሞ እንዲጨመቅ። አንድ ነገር ማረጋገጥ ያስፈልጋል፦ መምቻው እስከ መጨረሻው ሲሳብ የሞላው ዙሮች እርስ በርስ ተነካክተው እንዳይቆልፉ። ከቆለፉ ሮንዴላው ወፍሯል። ሞላን በእጅ ጎትቶ ማስረዘም ግን ጥገና አይደለም፤ ለጥቂት ጊዜ ይሠራና ተመልሶ ይተኛል።

ከዚያ በኋላ አራቱም ጥምረት ይተኩሳሉ፤ የሀ-አንድ ጉድጓድ ከሌሎቹ አይለይም።

እርጥበትን ሙሉ በሙሉ ነፃ እያወጣሁት አይደለም። ባዶ ጥይት አፉ የሚዘጋው በእርሳስ ሳይሆን በታጠፈ ብረት ወይም በካርቶን ነው፤ ስለዚህ ከተለመደው ጥይት ይልቅ አየር ያስገባል። ግን እኛ ከመረመርናቸው መሐል ጉድጓዳቸው ጥልቅ ሆኖ በሁለተኛም ምት ዝም ያሉት ጥቂቶቹ ውኃ ሳይሆን ዘይት የጠጡ ነበሩ። ክረምት ከመግባቱ በፊት «እንዳይዝግ» ተብሎ ደብሊው ዲ ፎርቲ ማጉረሻው ውስጥ ሲነፋ፣ ያ ስስ ዘይት ቀጥሎ በሚጎርሰው ጥይት ካፕሱል ዙሪያ ሰርጎ ቅመሙን ሊያበላሸው ይችላል። የዛገ ብሎን የሚያላቅቅ ዘይት በጠባብ ስንጥቅ መግባት ሥራው ነው። ማጉረሻውንና የመርፌዋን ቀዳዳ በጥርስ ብሩሽና በትንሽ ነጭ ጋዝ አጽዱ፣ በደረቅ ጨርቅ እስኪደርቅ ጥረጉ፤ ዘይት የሚያስፈልገው ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ነው። ጽዳቱ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም። የባሩዱ ቅሪት እርጥበት ይስባል፤ ቅዳሜ ተኩሳችሁ ሳታጸዱ ካስቀመጣችሁት መርፌዋ እንደምትጣበቅ እኔ እነግራችኋለሁ።

ጥይቱን አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚወጡት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጋር አስቀምጡት። ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ከቀዝቃዛው ወጥቶ የባሕር ዳርን ሞቃት አየር ሲያገኝ ላዩ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ የሸሹትን በእጃቸው እየጋበዙት ነው። ውድድር ከመድረሱ ቀናት በፊት ከካርቶኑ ጥቂቱን በደህናው ሽጉጥ ሞክሩ። ጠዋት ሜዳ ላይ ልጆች ተሰልፈው ሲጠብቁ አይደለም የሚሞከረው።

ጭሱንም አትናቁት። ጥይቱ ፈንድቶ ጭስ ከሌለው ለሰዓት ያዦች ግማሽ ክሽፈት ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 345 ሜትር ይሄዳል፤ የ100 ሜትር መድረሻ ላይ የቆመ ሰው ተኩሱን የሚሰማው 0.3 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ሰዓቱን በድምፅ ካስነሣ ለሯጩ በነፃ 0.3 ሰከንድ ሰጥቶታል። ለዚህ ነው በእጅ ሰዓት ሲያዝ ብልጭታውን ወይም ጭሱን አይታችሁ ጫኑ የሚባለው። ጠዋት ላይ ሰማዩ ነጣ ሲል ጭሱ አይለይም፤ እኛ ከአስጀማሪው ክንድ ኋላ ጥቁር የተቀባ ኮምፔንሳቶ እናቆማለን። ሽጉጥ ጨርሶ በሌለበት ጣውላ ማጨብጨቢያም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ክንዶቹ ሲገጥሙ ከሩቅ ይታያሉ። ለትንንሽ ልጆች ውድድር እንዲያውም ጣውላውን እመርጣለሁ።

ሽጉጡን ከቦታ ቦታ ስታጓጉዙ ለማያውቅ ሰው እውነተኛ ሽጉጥ መምሰሉን አትርሱ። በባጃጅ፣ በኪስ፣ በስፖርት ቦርሳ ጎን ኪስ አይያዝም። በተቆለፈ ሣጥን፣ ቱቦው ከአካሉ ተነቅሎ፣ ጥይቱ በሌላ ሰው እጅ፣ ከደብዳቤ ጋር። ከውድድሩ በፊት በአካባቢው ላለው ፖሊስ ሄዳችሁ ተኩስ እንደሚሰማና በስንት ሰዓት እንደሚሰማ ንገሩ። በዚህ ዘመን ያልተነገረ ተኩስ ስንቱን ከቤቱ ያስወጣል።

የከሸፉትን ጥይቶች በተመለከተ፦ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ዝም ያለ ጥይት ሦስተኛ አይመታም። እኛ በተለየ ቆርቆሮ አጠራቅመን ለፖሊስ እናስረክባለን፤ ርክክቡም በወረቀት ነው። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የጣላችሁት እንደሆነ ልጆች ያገኙትና በድንጋይ ይቀጠቅጡታል፤ መርፌው ያቃተውን ድንጋይ ሊያደርገው ይችላል።